እናቴ ብቻዋን ወደ ጎንደር ልትበር ነው፤ የቦሌን የአገር ውስጥ ተርሚናል እንዴት ትለፈው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እናቴ 70 ዓመቷ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ያለችው። ጥምቀትን እህቷ ዘንድ ጎንደር እንድታሳልፍ ከዚህ ሆኜ ትኬት ቆረጥኩላት። ጃንዋሪ 17፣ 07:10 ይላል። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። አማርኛ ታነባለች፣ እንግሊዝኛ ግን አትችልም። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ትራመዳለች። የሚሸኛት ጎረቤት አለ፣ እሱን ግን ውስጥ አያስገቡትም አሉኝ። በበዓል ሰሞን ግፊያው አይጣል ነው ሲሉኝ ደግሞ ጭራሽ ፈራሁ። ዊልቸር ልዘዝላት? ከበሩ እስከ አውሮፕላኑ ምን ይገጥማታል?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከተርሚናሉ በፊት ትኬቱን እንይ። በአገር ውስጥ በረራ መስተንግዶ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ሕንፃው ውስጥ መንገድ ጠፍቶበት አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ጥቂት ነው። ተርሚናሉ የሚወስደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ከበሩ ወደ ሚዛኑ፣ ከሚዛኑ ወደ ፍተሻው፣ ከፍተሻው ወደ መጠበቂያው፣ ከመጠበቂያው ወደ አውቶቡሱ። እናትሽ አንዱን ሲጨርሱ ቀጣዩ ፊት ለፊታቸው ነው። ሰው የመመዝገቢያው መስኮት ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ያየሁት በሰዓት፣ በቀንና በስም ምክንያት ነው። ሦስቱም ያሉት አንቺ ኢሜይል ውስጥ ስለሆነ ዛሬውኑ ልትጨርሻቸው ትችያለሽ።

በሰዓቱ ልጀምር። ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጆቹ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 07:10 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 1:10 ነው። አንቺ እዚያ ስለለመድሽው አይታይሽም ይሆናል፤ እናትሽ ወይም የሚሸኟቸው ጎረቤት ግን ወረቀቱን አይተው «ሰባት ከአሥር» ካሉ የሚታያቸው ከምሳ በኋላ ያለው ሰባት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት አውሮፕላኑ ጎንደር ደርሶ ተመልሷል። በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ የተማረው ሰው ሳይቀር ይሳሳታል፣ በተለይ ከ06:00 እስከ 11:00 ባሉት የጠዋት በረራዎች ላይ፣ ምክንያቱም ቁጥሮቹ በእኛም አቆጣጠር የቀን ሰዓት ይመስላሉ። «12:30» የሚለው በተቃራኒው ሰውን በማለዳ ያመጣዋል፣ ግማሽ ቀን ያስጠብቀዋል እንጂ አያስመልጠውም። ስለዚህ ለእናትሽ የትኬቱን ቁጥር አታንብቢላቸው። «እማዬ፣ አውሮፕላኑ የሚነሳው ከጠዋቱ አንድ ከአሥር ላይ ነው፤ ቦሌ የምትደርሺው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው» ብለሽ ቁረጪላቸው። በአዘቦት ቀን ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይበቃል። በጥምቀት፣ በገናና በመስቀል ሰሞን ግን ግማሽ ሰዓት መጨመር ደግ ነው። ለአንድ አዛውንት ሌሊት መነሳት ከባድ ቢሆንም መንገዱ በዚያን ሰዓት ባዶ ነው፣ ወረፋውም ገና አልረዘመም።

ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል። ስለዚህ የአንቺ ጃንዋሪ 17 ጥር 9 ነው ማለት ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን በዓሉ ጃንዋሪ 20 ላይ ስለሚውል ያው 17 ጥር 8 ይሆናል። ጎረቤትየው «17» የሚለውን ብቻ አይቶ ጥር 17 ብሎ ከያዘው እናትሽ ጎንደር የሚገቡት ታቦቱ ከገባ ከቀናት በኋላ ነው። የአገራችንን ቀን ከነሳምንቱ ዕለት ንገሪያቸው፤ «ቅዳሜ» ወይም «እሑድ» የሚለው ቃል ከቁጥር ይልቅ አይስትም።

ስሙን በተመለከተ፣ ከውጭ አገር የሚቆረጡ ትኬቶች ላይ ተደጋግሞ የማየው ችግር አለ። ድረ ገጹ የመጨረሻ ስም ይጠይቃል፣ ልጅ በጥድፊያ የራሷን የቤተሰብ ስም ትጽፋለች፤ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ የካርዱን ባለቤት ስም ይሞላዋል። የአንቺ የመጨረሻ ስም የአባትሽ ወይም የአያትሽ ስም ነው፣ እናትሽ ግን የሚጠሩት በራሳቸው አባት ነው። መስኮቱ ላይ መታወቂያው ሌላ ትኬቱ ሌላ ሲል ሠራተኛዋ ልታሳልፋቸው አትችልም፤ ክፋት ሆኖባት አይደለም፣ የሚበረው ሰውና ትኬት የተቆረጠለት ሰው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታዋ ስለሆነ ነው። አንድ ፊደል መለያየቱ፣ ለምሳሌ ጸሐይ የሚለው ስም አንዱ ላይ በ«ቲ» ጀምሮ ሌላው ላይ በ«ኤስ» መጀመሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። የቤት ስም ከመዝገብ ስም ጋር ሲጋጭ ግን አያልፍም። «ሁሉም እማማ አበበች ነው የሚሏት» ማለት እዚያ አይሠራም። የሚጓዙበትን መታወቂያ ፎቶ አስልኪና ከትኬቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። ስህተት ካለ ዛሬ ለአየር መንገዱ ደውለሽ አስተካክዪ፤ በበረራው ማለዳ መስኮት ላይ ከሚደረግ ክርክር ከሳምንት በፊት የሚደረግ የስልክ ጥሪ እጅግ ይቀላል። የመታወቂያው ቀን አለማለፉንም እግረ መንገድሽን እዪ።

ሌላም የምትነኪው ነገር አለ። ትኬቱ ላይ የሰጠሽው የአንቺን የአሜሪካ ስልክ ብቻ ከሆነ፣ የበረራ ሰዓት ቢቀየር መልእክቱ የሚመጣው ለአንቺ ነው። የጎረቤቱን ወይም የእናትሽን የኢትዮጵያ ቁጥር አስጨምሪ። ደግነቱ በክረምታችሁ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ እሳቸው ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ ቦሌ ሲደርሱ አንቺ ጋ ገና የዋዜማው ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሳትተኚ በስልክ መከታተል ትችያለሽ።

አሁን ወደ ዊልቸሩ። ውጭ የሚኖሩ ልጆች ቋንቋ ለማትችል እናታቸው ዊልቸር ማዘዝ ልማድ አድርገውታል፤ ለዱባይና ለዋሽንግተን በረራ ምክንያቱ ይገባኛል። ለጎንደር ግን እኔ አልመክርሽም። በአገር ውስጥ ተርሚናል ማስታወቂያው በአማርኛም ይነገራል፣ ሠራተኛው ሁሉ አማርኛ ይሰማል፣ የሚኬደው መንገድም ረጅም አይደለም። በበዓል ሰሞን ደግሞ ዊልቸር የሚገፉት ልጆች ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚሮጡ፣ መራመድ የሚችል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራ ሲጠብቅ በእግሩ ቢሄድ ኖሮ ቀድሞ ይደርስ ነበር። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ የማያስወጣቸው ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ እዘዢ፣ ስታዢም «ደረጃ መውጣት አይችሉም» ብለሽ ለይተሽ ተናገሪ። «ዊልቸር» ብቻ ብለሽ ካስመዘገብሽ ወንበሩ አውሮፕላኑ ሥር ድረስ ያደርሳቸውና ደረጃውን ራሳቸው ይወጣሉ ተብሎ ይታሰባል። ደረጃ ለማይወጣ ሰው የሚያስፈልገው ከነወንበሩ ወደ አውሮፕላኑ በር ከፍ የሚያደርግ ማንሻ መኪና ነው፣ እሱ ደግሞ ቀድሞ ካልተነገረ በጥድፊያ አይገኝም። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፤ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። የሚያሳስብሽ ብቸኝነታቸው ብቻ ከሆነ ግን ለአየር መንገዱ ስትደውዪ «ተቀብሎ የሚያሳልፋቸው ሠራተኛ» ጠይቂላቸው፤ ለአዛውንትና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፋሪ የሚሰጥ እገዛ ነው።

ከዊልቸር የበለጠ የሚጠቅማቸው አንድ ካርድ ነው። ጠንከር ባለ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል በአማርኛ ይጻፍ፦ ሙሉ ስማቸው ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው፤ «ወደ ጎንደር»፤ የበረራ ቁጥሩ፤ «ጥር 9፣ ከጠዋቱ 1:10»፤ ጎንደር የሚቀበላቸው ሰው ስምና ስልክ፤ የጎረቤቱ ስልክ፤ የሚወስዱት መድኃኒት ስም። ከሥሩ የጎንደርን መለያ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት፣ ጂ፣ ዲ፣ ኪው፣ በትልቁ ሣዪላቸው። ማንበብ ባይችሉም ቅርጹን ከሻንጣቸው ላይ ከሚለጠፈው ጋር ያስተያያሉ። ይህ ካርድና መታወቂያው በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ገብተው በእጅ ይያዙ፣ ቦርሳ ውስጥ አይቀበሩ። የታተመ ትኬትም አብሮ ይኑር። ስልክ ላይ ያለ ትኬት ለአንቺ ይመቻል፤ እሳቸው ግን በር ላይ ከኋላቸው ሰው እየገፋ ስልክ ሲከፍቱ፣ ስልኩ ሲጠፋ፣ መነጽር ሲፈልጉ ይታየኛል።

በዕለቱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለሹፌሩ «የአገር ውስጥ» ብሎ መንገር ነው፤ ተርሚናል አንድ ይሉታል። ሹፌር ቦሌ ሲባል እጁ የሚቀናው ወደ ኢንተርናሽናሉ ነው። ወደ ግቢው ሲገባ መኪናና ሰው ይፈተሻል፣ ይህም ጊዜ ይበላል። ተርሚናሉ በ2017 ዓ.ም. ተስፋፍቶ ተመርቋል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የሄዱ ዘመዶች «በግራ በኩል ታጥፈሽ፣ በቀኝ በኩል ወጥተሽ» እያሉ የሚሰጡትን አቅጣጫ ለእናትሽ አትንገሪያቸው። ያምታታቸዋል እንጂ አይረዳቸውም።

ጎረቤትየው የሚቀረው በር ላይ ነው። እዚያ መታወቂያና ትኬት ይታያል፣ ወዲያው የመጀመሪያው ፍተሻ አለ። እናቶች የሚደናገጡት እዚህ ነውና ረጋ ብለሽ አስረጂያቸው። ሻንጣውም የእጅ ቦርሳውም ኤክስሬይ ውስጥ ይገባል። ጫማ፣ ቀበቶ፣ ስልክ፣ ሰዓት ወልቀው በሳህን ይቀመጣሉ። አንዲት እናት በብረት መፈተሻው በር ስታልፍ ይጮኻል፤ ተመለሺ ትባላለች፤ የአንገት መስቀሏን ታወልቃለች፤ ደግሞ ይጮኻል፤ ቀለበቷን ታወልቃለች። በመጨረሻ ሴቷ ፈታሽ ስትዳብሳት ወገቧ ላይ የሆነ ነገር ታገኛለች። መቀነቱ ነው፤ ውስጡ በመሐረብ የተቋጠረ ብር፣ የቁም ሳጥን ቁልፍና ሁለት የድሮ ሳንቲም አለ። እናትየዋ ሰው ፊት መቀነቷን ፈትታ ገንዘቧን ማሳየት ሞት ይሆንባታል። ከኋላ ያለው ወረፋ ይቆማል፣ ሰው ያጉረመርማል፣ እሷ ጫማዋን ሳታደርግ ትሄዳለች፣ መስቀሉ ሳህኑ ላይ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ በአምስት ደቂቃ ይቃለላል። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ መስቀል፣ ቀለበት፣ ሁሉም ብረት ከቤት ሲወጡ ዚፕ ባላት ትንሽ ቦርሳ ይግባ፤ ቦርሳዋ የእጅ ቦርሳው ውስጥ ትሁን። መቀነቱ ውስጥ ብር ብቻ ይኑር፣ ወረቀት አይጮኽም። ሴት የሚፈትሻት ሴት መሆኗን፣ ከፈለጉም «ልጄ፣ ከሰው ለየት ባለ ቦታ» ማለት እንደሚችሉ ይወቁ። ጫማው ሳይጎነበሱ የሚወልቅ ይሁን፤ ማሰሪያ ያለው ጫማ ለሚያም ጉልበት ቅጣት ነው። ሁለተኛ ፍተሻ ከሚዛኑ በኋላ እንደገና እንዳለም ንገሪያቸው፤ ብዙ ሰው «ቅድም ተፈትሼ የለም ወይ» ብሎ ይቆጣል።

ከበሩ ቀጥሎ ቼክ ኢን፣ ማለትም መመዝገቢያው ነው። መስኮቶቹ በርካታ ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የባሕር ዳሩ፣ የመቀሌው፣ የድሬዳዋው፣ የላሊበላው መንገደኛ በአንድ ላይ ይሰለፋል። ረጅሙ ሰልፍ ሁሌ ትክክለኛው ሰልፍ አይደለም። እናትሽ ዩኒፎርም ለለበሰ ሠራተኛ ካርዱን አሳይተው «ልጄ፣ የጎንደር ሰልፍ የቱ ነው?» ይበሉ። ሠራተኛውም በጥያቄ አይሰላችም፤ የሚያሰለቸው ወረፋው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ሚዛን ላይ የሚፈቀደው ኪሎ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ እቤት በጎረቤት ሚዛን ይለካ። ወደ ውስጥ የሚያዝ የእጅ ቦርሳ በኢኮኖሚ አንድ ነው፣ ክብደቱም እስከ 7 ኪሎ። የደም ግፊትም ሆነ ሌላ መድኃኒታቸው ሻንጣው ውስጥ ሳይሆን እጃቸው ላይ ይሁን፤ ሻንጣ አንዳንዴ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል፣ ግፊት ግን አይጠብቅም። ሠራተኛዋ ሻንጣው ላይ ታግ፣ ማለትም መለያ ወረቀት ስታስር እናትሽ የካርዱን ሦስት ፊደላት ከታጉ ጋር ያስተያዩ። የታጉን ቁራጭ ቦርዲንግ ፓሱ (የመሳፈሪያ ወረቀቱ) ጀርባ ላይ ትለጥፍላቸዋለች፤ ጎንደር ሻንጣው እጃቸው እስኪገባ አይጣል።

ከሁሉም በላይ አጥብቀሽ ልትነግሪያቸው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሚዛኑ አካባቢ ሻንጣው የከበደበት ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ትንሽ ሻንጣ ይዘው ብቻቸውን በቆሙ እናቶች ላይ ነው። «እማማ፣ ይህችን ፌስታል ብቻ በስምዎ ያስመዝግቡልኝ፣ እዚያ እቀበልዎታለሁ።» አብዛኛው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፣ የኪሎ ገንዘብ ላለመክፈል ነው። ግን በስማቸው በተመዘገበ ዕቃ ውስጥ የሚገኘው ነገር ሁሉ የእሳቸው ነው፤ ፖሊስም የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። የእኛ እናቶች ደግሞ እምቢ ማለት አይችሉበትም፤ ነውር ይመስላቸዋል። ስለዚህ እምቢታውን አንቺ አዘጋጂላቸው፦ «ልጄ፣ ልጄ ከልክላኛለች፣ ምያለሁ።» እንዲህ ሲሉ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ፣ እሳቸው ማንንም አላስቀየሙም። ይህችን ዓረፍተ ነገር በስልክ ሁለት ሦስቴ አስደግሚያቸው።

ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ይጻፋሉ፤ አንዱ መሳፈሪያው፣ ሌላው መነሻው። የሚያገለግላቸው የመጀመሪያው ነው። የመነሻው ሰዓት ላይ በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ሠራተኛዋን «ልጄ፣ በእኛ ሰዓት ስንት ላይ ነው የምገባው? የትኛው በር ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን እዚያው በእስክሪብቶ ካርዱ ላይ ታስፍርላቸው። ይህን እምቢ የምትል ሠራተኛ አላየሁም።

መጠበቂያው አዳራሽ ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ ነው፤ የሚያዘናጋው ደግሞ ምቾቱ ነው። ሌሊት የተነሳ ሰው ሙቀትና ወንበር ሲያገኝ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ቡና ቤቱ ጋ የተቀመጠም ማስታወቂያውን በጫጫታ መሐል አይሰማም። እናትሽ ከበራቸው ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ቢቻል አንድ የጎንደር መንገደኛ ይፈልጉ። በጥምቀት ሰሞን ይህ ከባድ አይደለም፤ ነጠላ የለበሰ ሁሉ ወይ ጎንደር ነው ወይ ላሊበላ። «ጎንደር ነው እንዴ? እንግዲያው ስትነሱ ቀስቅሱኝ» ማለት በቂ ነው፣ አገራችን ውስጥ ይህ እንደ ውል ይቆጠራል። ዕቃ አለመቀበልና ሰው አለመቅረብ ግን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ንገሪያቸው፤ አለበለዚያ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ።

የመሳፈሪያ በር ሊቀየር ይችላል። ወደ አንድ ከተማ በቀን ከአንድ በላይ በረራ ሊኖር ስለሚችል ደግሞ «ጎንደር» ተብሎ በተጠራ ቁጥር የእሳቸው ላይሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው የበረራ ቁጥሩ ካርዱ ላይ የተጻፈው። በር ላይ ያለው ሠራተኛ ቦርዲንግ ፓሱን ሲያነብ የሌላ ከሆነ ይመልሳቸዋል፣ ስለዚህ ተሳስቶ መሰለፍ አያሳፍርም፣ አደጋም የለውም። አደጋው ሳይሰለፉ መቅረት ነው። ስማቸው በድምፅ ማጉያ ከተጠራ ደግሞ ይነሱ፤ ብዙ አዛውንት ስማቸው ሲጠራ ጥፋት ያጠፉ መስሏቸው ዝም ይላሉ።

በረራው ከዘገየ መደናገጥ አያስፈልግም። የአገር ውስጥ አውሮፕላን በቀን ብዙ ከተማ ስለሚመላለስ አንዱ ጋ የባከነች ሠላሳ ደቂቃ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ትገፋለች። በክረምት ቢሆን ደመናና ጉም ይጨመርበት ነበር፤ ጥር ላይ ሰማዩ ንጹሕ ነው። መዘግየት ሲነገር ከበሩ አካባቢ ርቀው አይሂዱ፤ ሁለት ሰዓት የተባለው አንዳንዴ ወደ አንድ ሰዓት ያጥራል።

ከበሩ በአውቶቡስ ወደ አውሮፕላኑ ይወሰዳሉ። ምናልባት የሚጠብቃቸው ዳሽ ስምንት የሚባለው ካናዳ ሠራሽ ባለ ፕሮፔለር ነው። ደረጃው አጭር ቢሆንም ጠበብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁለት እጃቸው ባዶ ይሁን፤ ቦርሳው በትከሻ ይንጠልጠል። ወንበሩ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ነው፣ መሐል ላይ ተጨቁኖ የሚቀመጥ የለም። ክንፉ ከላይ ስለሆነ መሬቱ ወለል ብሎ ይታያል። በክንፉ አጠገብ ከተቀመጡ ግን አንድ ነገር ቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ሲነሳ ጎማው ተጣጥፎ ሞተሩ ሥር ባለው ሽፋን ውስጥ ሲገባ በመስኮቱ ያዩታል፣ ሲያርፍም ተመልሶ ይወርዳል። ያልተነገራት አንዲት እናት «ጎማው ተበላ!» ብላ ካቢኑን በእግሩ አቁማዋለች። ጆሮ ሲደፍን ቆሎ ማኘክ ይረዳል፣ በኪሳቸው ትንሽ ይያዙ። ስልክ እንዴት እንደሚጠፋ ከወዲሁ ያለማምዷቸው።

አንዳንዱ በረራ መንገድ ላይ ሌላ ከተማ ያርፋል። ትኬቱ ላይ ማረፊያ ካለ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሰው ሲወርድ አብረው እንዳይወርዱ፣ «ጎንደር» የሚለውን ካልሰሙ እንዳይነሱ ንገሪያቸው። ጎንደር አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አዘዞ ነው፤ ከተማው ጋ አይደለም። እህታቸው ወይም የላኩት ሰው ቀድሞ ይድረስ፤ በበዓሉ ሰሞን ታክሲው ይወደዳል፣ ቦታውም ይጨናነቃል።

የዕቃው ነገር ሲሄዱ ሳይሆን ሲመለሱ ነው የሚበዛው፤ ከጎንደር ባዶ እጅ የሚመለስ እናት አይቼ አላውቅም። ማርና ቅቤ በእጅ ቦርሳ አይያዝ፤ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ መሐል ላይ በልብስ ተከቦ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ጸበልም እንዲሁ፤ ፈታሹ ጸበል መሆኑን ቢያምንም ጠርሙሱ ፈሳሽ ነው። በርበሬው ካልታሸገ የሌላውን ሰው ሻንጣ ሁሉ ያቀላዋል። ቤት የወጣ አረቄ በሃይላንድ ጠርሙስ አይፈቀድም። ጠንካራ መጠጥ የሚያልፈው በፋብሪካ እንደታሸገ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው ከአምስት ሊትር ሳይበልጥ፣ የአልኮል መጠኑም ከ70 በመቶ ሳያልፍ። የቡና ዕቃ ስጦታ ከሰጧቸው ረከቦቱና ዕጣኑ ይሄዳል፤ ከሰሉን ግን ያስወጡት፣ በራሱ ሊቀጣጠል የሚችል ተብሎ የተከለከለ ነው፣ ጥቂት ፍሬም ቢሆን። የልጅ ልጅ ፓወር ባንክ አበድሯቸው ከሆነ እሱ ደግሞ በተቃራኒው ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። የተለመደው ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከተፈቀደው የ100 ዋት ሰዓት ወሰን በታች ነው።

የመመለሻ ትኬታቸውን ቀን አሁኑኑ እዪው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚመለስ ያመለጠ በረራ በማግስቱ አይተካም፤ ወንበር ሳይገኝ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው፣ እናትሽ እሱን ሳያዩ አይመጡም። ስለዚህ የመመለሻው ቀን ከዚያ በፊት ከሆነ ዛሬ ስሙን ለማስተካከል ስትደውዪ እሱንም አስቀይሪው።